ምዕራፍ 7፦ የውሃው ድርሻ

በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ከሥላሴ ካቴድራል የምንወጣው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የዝናብ ሰዓት ነው። ያን ቀን ሕዝቡ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ አራት ኪሎ ሲሮጥ እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ምሥራቅ፣ ቁልቁል ወደ ግንፍሌ ወረድሁ። ስለ ውሃ ዳር ግንባታ እየጻፍሁ ነበርና ወንዙን ሞልቶ ማየት ፈለግሁ። በበጋ ያየው ሰው ግንፍሌን ወንዝ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል፤ በድንጋዮች መሐል የሚንቆረቆር ጥቁር ውሃ፣ ፌስታል፣ አሮጌ ጫማ ነው። በነሐሴ ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር "ገነፈለ" የሚለው ግስ ይመጣብኛል። የዚያን ቀንም እንደ ጀበና ቡና ነበር የገነፈለው።

ዝናቡ ሲበረታ ከወንዙ ዳር ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ ደጃፍ ተጠጋሁ። አንዲት አሮጊት በሩን ከፈቱልኝ። "ግባ ልጄ፣ ትበሰብሳለህ" አሉኝ። የበሩ መቃን ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች ነበሩ፤ አንዳንዱ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ ደግሞ አዲስ ነው። የልጅ ቁመት የሚለካበት መስሎኝ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑ ጠየቅኋቸው።

"የልጅ አይደለም፣ የውሃ ነው" አሉኝ። ወንዙ ቤታቸው በገባ ቁጥር የደረሰበትን ያሰምራሉ። ከፍተኛው መስመር የእኔ ደረት ላይ ይደርስ ነበር።

"ታዲያ እማማ፣ እንዴት እዚህ ሠሩ?"

"ባለቤቴ ሲሠራው ወንዙ እዚያ ታች ነበር።"

ይህን መልስ ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ ጣና ዳር ከሚያርስ ገበሬ፣ ባሕር ዳር ላይ ካፌ ከሠራ ሰው፣ ድሬዳዋ ላይ ከደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከተረፈ ሰው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሲሠሩ ውሃው በእርግጥ እዚያ ታች ነበር።

ዳር የሚለውን ቃል የምንጠቀምበት መንገድ ብዙ ችግር ያመጣብናል። ካርታ ላይ የወንዝ ዳር ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው። ከመስመሩ ወዲህ መሬት፣ ከመስመሩ ወዲያ ውሃ። መሬት ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም። በግንቦት ደረቅ የሆነው፣ በሐምሌ እርጥብ የሚሆነው፣ በነሐሴ የሚጠለቀው፣ በየአሥር ወይም በየሃያ ዓመቱ አንዴ ብቻ ውሃ የሚጎበኘው ሰፊ መቀነት ነው ያለው። ያ መቀነት የውሃው ድርሻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለማይተኛበት ባለቤት የሌለው ይመስላል፣ ለዚህም ነው በርካሽ የሚገኘው፣ ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት የሚቆምበት፣ ባለሀብትም "ገና ያልለማ" ብሎ የሚጠይቀው። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው ያንን መቀነት ማን፣ ከየት ጀምሮ፣ በምን ያህል ስፋት መከለል እንዳለበት ነው።

በመጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ውሃው ምን እንደሚያደርግ እንይ። እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከተማዋ በደቡብ በኩል ወደ አቃቂ ስትወርድ 2 ሺህ 100 ሜትር አካባቢ ትደርሳለች። በዚህች አጭር ርቀት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ። ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንተ ይቅጡ የሚባሉት ወንዞች ሁሉ በዚህ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ድሮ እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ሣር ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ በቀስታ ወደ ወንዙ ይመጣል። ዛሬ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፣ ከቆርቆሮው ኮብልስቶን ላይ፣ ከኮብልስቶኑ አስፋልት ላይ፣ ከአስፋልቱ በቱቦ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ። ያው ዝናብ ነው፤ በሰዓታት ይደርስ የነበረው በደቂቃዎች ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው በሁለቱም በኩል ቤት ሳይጨመር እንኳ ወንዙ ከዓመት ዓመት የሚበረታው።

ቤት ሲጨመር ደግሞ የባሰ ነገር ይሆናል። አንድ ሰው ይዞታውን ለማዳን የድጋፍ ግንብ ወይም ጋቢዮን፣ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ያቆማል። ወንዙ ይጠብባል። የጠበበ ውሃ ይፈጥናል፤ የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በግንቡ በኩል ያጣውን ቦታ በማዶው ይወስዳል፤ የማዶው ሰው በተራው ግንብ ያቆማል። አሁን ወንዙ ወደ ጎን መሄድ ስላልቻለ ወደ ታች ይቆፍራል፣ ቆፍሮም የሁለቱን ግንቦች መሠረት ያጋልጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የምንለው ይህንን አይተን ይመስለኛል። በበጋ ግንቡ ጠንካራ ነው፣ ሰውየውም ይተማመናል፤ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ክረምት ግንቡ፣ አጥሩና ሽንት ቤቱ አብረው ይሄዳሉ። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ደቻቱ በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው። ደረቅ አሸዋ ግን የውሃ አልጋ ነው፤ ባለቤቱ ለጊዜው ወጣ ብሎ ነው እንጂ።

ከሥላሴ ወደ ሌላ ሥላሴ ልውሰዳችሁ። ናርጋ ሥላሴ በጣና ሐይቅ ላይ፣ በደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳር ያለ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከባሕር ዳር ወደዚያ በጀልባ ሲኬድ ሰዓታት ይወስዳል፤ በመንገዱም ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ፣ ወደ ውስጥ ሲገባም ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ አረንጓዴ ቆብ ከውሃው ላይ ይታያሉ። በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል። ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። በዙሪያው ያለው አገር ዛፉን ጨርሶ ሲያርስ፣ በደሴቶቹ ላይ ደኑ የቀረው የቤተ ክርስቲያን አጸድ ስለማይቆረጥ ነው። ዛፉ የቤተ መቅደሱ ልብስ ነው፣ ልብሱን የገፈፈ ይረገማል። ይህ ክልከላ ከማንኛውም የመንግሥት ደንብ በፊት የነበረ የግንባታ ደንብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የት እንደሚገነባ፣ የት እንደማይገነባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንበሩ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ችግሩ ደኑ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። ደሴቱን የሚጠብቀው እርግማን ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ይሳሳል፤ ከሐይቁ ማዶ፣ በየብሱ በኩልማ ጭራሽ የለም።

ጣና ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጎድጉዶ 14 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ሁለት ቁጥር አንድ ላይ አስቡት። ዳሩ እንደ ምጣድ ጠርዝ ዝርግ ነው። በተለይ በፎገራ ሜዳ በኩል ሐይቁ በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል ዳሩ እጅግ ርቆ ይሄዳል፣ ገበሬውም የተለቀቀውን መሬት ተከትሎ ይገባል። ለዚህ መሬት የአካባቢው ሰው ያወጣለት ስም አለው፦ ባሕር ሸሽ። ግሩም ቃል ነው። ባሕሩ ሸሸ እንጂ ሄደ አይልም፤ የሸሸ ይመለሳል። በ1995 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ፣ ዝናብ ባነሰበትና ከጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ለኃይል ማመንጫ ብዙ ውሃ በተለቀቀበት ጊዜ፣ ሐይቁ ከዚያ በፊት ባልታየ መጠን ወረደ። ጀልባዎች ለወራት ቆሙ። የደንገሉ ሥር ደረቀ፣ ሰፊ የሐይቅ ወለል ታረሰ። ውሃው ሲመለስ ያገኘው ደንገል ሳይሆን የተገለበጠ አፈር ነበር።

ደንገል ምን ያደርጋል? በሐይቁ ዳር ለሚኖረው ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ነው፣ ሲሳይም ነው። ለሐይቁ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው፤ ከማሳው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚመጣው ፍሳሽ በደንገሉ ግንድ መሐል ሲያልፍ ይዘገያል፣ ይዘቅጣል፣ ሥሩም ይመገበዋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው በዚሁ ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳር ነው፤ ጫጩቶቹ ከአዳኝ የሚደበቁትም እዚያው ነው። ደንገሉን ቆርጦ አሸዋ ያለበሰ፣ መናፈሻ ያበጀ ሰው አንድ ሐይቅ ዳር አላሳመረም፤ የማዋለጃ ክፍል አፍርሷል።

ጣና ሌላ ሀብትም አለው። ባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን 15 የሚሆኑ፣ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሽቅብ ይዋኙና ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ አየር ያጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ባሕር ዳርም ሆነ ሌላው ከተማ ፎቅ ሲሠራ አሸዋና ጠጠር የሚጫነው ከእነዚሁ ወንዞች ነው። የውሃ ዳር ግንባታን ከሐይቁ ጠርዝ ብቻ የሚለካ ደንብ ይህን ጉዳት አያየውም። ፎቁ ከሐይቁ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ሕጋዊ ሆኖ ሊቆም ይችላል፣ ጠጠሩ ግን የዓሣው አልጋ ነበር።

በ2004 ዓ.ም ደግሞ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ አረሙ ታየ፦ እንቦጭ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንላለን፤ ስሙ ለዚህ አረም መሰጠቱ ልብ ይነካል፣ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ ስንት ዓመት ደከመበትና። እንቦጭ በቅሎ የሚስፋፋው ምግብ በበዛበት ውሃ ነው፤ ምግቡም ወንፊቱ ከተነሳ በኋላ ያለ ከልካይ የሚገባው አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። አረሙን መንቀል ግድ ነበር፣ ግን የሚመገበው ከዳር ነው። ሰኔ 2007 ዓ.ም ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ሲመዘገብ የተቀበልነው አሠራር ይህንኑ የሚያይ ነው። አካባቢው ሦስት ይከፈላል፤ ምንም የማይነካበት እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ዙሪያ፣ ሰው የሚኖርበትና የሚያለማበት ውጫዊ ክልል። የደሴቱ መነኮሳት ይህን ሳያነቡት ያውቁታል፤ መቅደስ፣ ቅድስት፣ ቅኔ ማኅሌት።

ለእኛ የጣና ደንገል የሆነው፣ ባሕር ላላቸው ሰዎች ኮራል ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት በሺህ ዓመታት የሚገነቡት ግንብ ነው። በእንስሳቱ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች የፀሐይ ብርሃን ተቀብለው ምግብ ያበስሉላቸዋል፣ ስለዚህም ኮራል የሚኖረው ጥርት ባለ፣ ብርሃን በሚዘልቀው ውሃ ነው። በደሴት ዳር ሆቴል ሲጀመር መጀመሪያ የሚሆነው ቁፋሮ ነው፤ አፈሩ በዝናብ ይታጠባል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ደለሉ እንስሳቱ ላይ ያርፋል። የሆቴሉ ወለል ሲሚንቶ ሳይፈስስበት፣ እንግዳው ሊያየው የሚመጣው ነገር ታፍኖ ይሞታል። ግብፆች ይህን ቀይ ባሕር ላይ፣ ሁርጋዳ በምትባል ከተማ በተግባር ተምረውታል፤ ባለሆቴሎች የባሕር ዳርቻ ለማስፋት ኮራሉን በአፈር ሞሉት። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የግብፅ የአካባቢ ሕግ ከባሕሩ ጠርዝ እስከ 200 ሜትር ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም እንዳይገነባ ከለከለ። ለብዙው የሁርጋዳ ዳር የዘገየ ሕግ ነበር፤ ላልተነካው ዳር ግን ደርሷል።

እኛም የኮራል ግንብ አለን። አፋር ውስጥ፣ በዳናክል ረባዳ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ዘልቆ ነበር፤ ኮራሉም በዳሩ በዳሩ ገነባ። በኋላ የባሕሩ መግቢያ ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። አያቶቻችን አሞሌ ብለው የተገበያዩበት ጨው ከባሕር የተወረሰ ነው፣ ኮራሉም ዛሬ በፀሐይ ላይ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ያንን ግንብ የገደለው ሰው አይደለም። ነገር ግን ውሃ የተለየው ዳር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ወደዚያ ቢሄድ ይማራል። የሚገርመኝ ደግሞ፣ ከሥላሴ ሥር የሚወርደው የግንፍሌ ውሃም ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ገብቶ መድረሻው ያው የአፋር ምድር ነው፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የአራዳ ቆሻሻ የሚያርፈው የሌላ ሰው ከብት በሚጠጣበት ውሃ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ስለ ውሃ ዳርቻ የሚናገር አንቀጽ አለው። ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከታቸው ጋር ሆኖ የውሃ አካላትን ዳርቻ መከለል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል እንደሚችል ይደነግጋል። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ድክመቱ "ይችላል" የሚለው ቃል ነው። መከለል የሚችል አካል አለመከለልም ይችላል። ግብፆች ቁጥር ጻፉ፤ እኛ ሥልጣን ሰጠን። ሥልጣኑ ሥራ ላይ ሳይውል ባለፈ በእያንዳንዱ ዓመት በመቀነቱ ላይ ቤት፣ መጋዘን፣ ሎጅ ይጨመራል፤ የውሃና የመብራት ቆጣሪም ይገባል። ከዚያ በኋላ ክለላው የመሬት ልኬት መሆኑ ቀርቶ የሰው ማፈናቀል ይሆናል።

ታዲያ ቁጥር ብቻ ይበቃል? አይበቃም። ዝርግ በሆነው ፎገራ 50 ሜትር ምንም ማለት አይደለም፣ ሐይቁ በአንድ ክረምት ያልፈዋል። ገደላማ በሆነው በግንፍሌ ዳር 50 ሜትር ግን አንድ ሙሉ ሰፈር ነው፤ ከገደሉ አናት ላይ ያለው ቤት ጎርፍ አይነካውም። ለሁለቱ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ደንብ አንዱን ያለ ጥበቃ ይተዋል፣ ሌላውን ያለ አግባብ ያፈናቅላል። እኔ ትክክል ነው የምለው መነሻውን ማስተካከል ነው። ልኬቱ ከበጋው ውሃ ጠርዝ ሳይሆን ውሃው ከደረሰበት ከፍተኛ ምልክት ይጀምር። ከዚያ ወዲህ ያለው ስፋት እንደ ቁልቁለቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ዕፅዋቱ ይለያይ። ከፍተኛው ምልክት የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ ብቻ አይጠየቅም፤ ሽማግሌው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የገዳሙ መጋቢ፣ የከሰል መስመር ያለበት የበር መቃንም ይመሰክራሉ።

በ2011 ዓ.ም "ሸገርን ማስዋብ" የተባለው የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን፣ ከእንጦጦ ተነስተው ወደ አቃቂ የሚወርዱትን ወንዞች ዳር በመናፈሻና በመንገድ ለማልማት ታቅዶ ነበር። ከዚያ በኋላም የቀበና ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ ተሠራ። ወንዞቻችን ከቤት ጀርባ ወጥተው ደጅ ሲሆኑ በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ሕይወታችንን ሙሉ ጀርባችንን የሰጠነው ነገር ነበርና። ግን የወንዝ ዳርን መመለስ ማለት አንድ ዓይነት ግንባታን በሌላ ግንባታ መተካት እንዳይሆን እሰጋለሁ። እብነ በረድ ከጭቃ ቤት ይልቅ ያምራል፤ ውሃን የማስረግ አቅሙ ግን ከቆርቆሮ አይሻልም። ወንዙ በሁለት ግንብ መሐል ቀጥ ብሎ ከተሰመረ፣ በላዩ ላይ አበባ ቢተከልም ያው የጠበበ ወንዝ ነው። ሣር፣ ሸንበቆ፣ የአገር ዛፍ፣ በክረምት ሊጠለቅ የተፈቀደለት ዝቅ ያለ ሜዳ፣ ለጥቂት ሳምንታት ጭቃ ሆኖ ቢታይ ማንም የማይሸማቀቅበት ቦታ፤ ውሃው ድርሻውን የሚያገኘው በዚህ ነው።

ሰዎቹስ? ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44ን አውጥቼ ስመለከት ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ነገር አለ። ንዑስ አንቀጽ አንድ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ወዲያው ከሥሩ ንዑስ አንቀጽ ሁለት በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ፣ በቂ ድጋፍ ያለው መዛወርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አርቃቂዎቹ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ያሠሯቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው የጎርፉ የመጀመሪያ ተጠቂ ነው፣ ወንዙ ሲጸዳም የመጀመሪያው ተነሺ ነው። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን እሱ ከከፈለ ንጹሕ አካባቢ የማን መብት ሆነ? ደግሞም አስተውሉ፣ ከጎረቤቱ ርቆ፣ ያለ ድጋፍ የተነሳ ሰው የት ይሄዳል? ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ሌላ ወንዝ ዳር ነው የሚወርደው፤ ከቀበና የተነሳው አቃቂ ዳር ይሰፍራል። ክለላው ያለ ካሣ ሲሆን መቀነቱ አይለቀቅም፣ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

ዝናቡ ሲያባራ አሮጊቷ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሞሉትን አሸዋ ከጓዳ እየጎተቱ ወደ በሩ ደፍ ማምጣት ጀመሩ። ተቀብዬ ደረደርኩላቸው፣ አራት ከረጢት ነበር። "ሌሊት ነው የሚመጣው" አሉኝ፤ "እንጦጦ ላይ ሲያጉረመርም እኔ አልተኛም።" ከደጃፉ እስከ ወንዙ ያለውን በእርምጃ ለካሁት። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሃያ አንድ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። ስደርስ አሥራ አራት ነበር፤ ከዚያ ውስጥም የመጨረሻዎቹን ሁለት ውሃ ውስጥ ነው የረገጥኋቸው።